ስድስቱ የተረገጡ ፓነሎች

ጀምበሬ ካልሲዎቹን ሁለት ጊዜ በሳሙና አሽቶ፣ ውሃው እስኪጠራ አለቅልቆ ጨመቃቸው። ፀሐይ ገና አልወጣችም። በካርቱም፣ በዴም ሰፈር የጉድጓድ ግቢ ውስጥ ከእርሱና የቆርቆሮ አጥሩ ላይ ከተደረደሩት ርግቦች በቀር ማንም አልነበረም። እርጥቡን ካልሲ አጠለቀና ሸበጡን ከመሰላሉ ሥር ጎን ለጎን አስቀመጠ፤ አገሩ ሳለ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ እንደሚያደርገው። ከዚያ ባልዲውንና ጨርቁን ይዞ ወጣ።

እላይ፣ በብረት ማማው ላይ፣ ሃያ የሶላር ፓነሎች በአራት ረድፍ ተዘርግተዋል። ትናንት የነፈሰው የአቧራ ማዕበል፣ ሱዳኖች ሀቡብ የሚሉት፣ እንደ ዱቄት የላመ ቀይ አፈር አልብሷቸዋል። የዳርና የዳር ረድፎችን መሰላል ላይ ሆኖ በረጅሙ ብሩሽ ማጠብ ይቻላል። መካከለኞቹን ሁለቱን ግን ብሩሹ በቅጡ አይደርስባቸውም፤ ጭቃውን ገፋ ገፋ አድርጎ ጠርዝ ላይ ይከምረዋል። ስለዚህ ጀምበሬ መስታወቱ ላይ ይወጣል። ተንበርክኮ፣ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው ቀስ እያለ፣ ጥግ ጥጉን ሳይቀር ይወለውለዋል።

አሠሪው ሚያር በመጀመሪያው ቀን «እዚህ ላይ ሰው አይወጣም» ብላው ነበር። እርሱ ግን ንጹሕ እግር ምን ይጎዳል ብሎ ራሱን በራሱ አሳምኗል።

እርሷ ስትመጣ ወርዶ፣ ሸበጡን አድርጎ፣ ብሩሹን ተደግፎ ቆሞ ነበር። የመሣሪያ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ፣ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣ መሰላሉን ሁለት ደረጃ ወጣችና ተመለከተች። የመጀመሪያዋ ጨረር መካከለኛው ረድፍ ላይ አርፋ ፊቷን አበራችው። ጀምበሬ በየማለዳው የሚጠብቀው ይህችን ቅጽበት ነበር።

«ወላሂ፣ እንደ መስታወት አድርገኸዋል።»

«መስታወት አይደል እንዴ?»

«አፍህ ይረፍ፣ አንተ ልጅ።»

«ደግሞ እንደ አክስቴ ተናገርሽ።»

«አማርኛ ያስተማረችኝ እናቴ ናት። እናቴ ስድሳ ዓመት ሞላት። ሌላ አማርኛ ከየት ላምጣልህ?»

ሁለቱም ሳቁ። ሚያር ቶሎ ብላ ቦርሳዋን ከፈተች፤ የምትፈልገው ነገር ግን ቦርሳው ውስጥ አልነበረም።

የተገናኙት ከአራት ወር በፊት ነው፤ ጦርነቱ ከከተማው ወጥቶ፣ ሰው ወደ ፈረሰ ቤቱ በሚመለስበት ሰሞን። ጀምበሬና ጓደኛው ሰማኸኝ ገዳሪፍ ሰሊጥ አጭደው፣ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሊቢያ የሚያሻግር ደላላ እስኪያገኙ ካርቱም የቀን ሥራ ይሠሩ ነበር። አንድ ማለዳ፣ የቀን ሠራተኞች ከሚቆሙበት ጥግ ላይ ከረክሻ፣ ከባጃጅ፣ የወረደች ወጣት «ብረት የሚሸከም ሁለት ሰው» አለች፤ መጀመሪያ በዐረብኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ።

«አለቃው ማነው?» አለ አንዱ።

«እኔ ነኝ።»

ጥጉ በሳቅ ተሞላ። ጀምበሬ ግን ጆንያውን አራግፎ ተከተላት። «ከሴት ሥር ልትውል?» ብሎ የጮኸበት ሰማኸኝ ነበር።  የተከተላት ሰዎቹ ሲስቁባት አንገቷን አለመድፋቷን አይቶ ይሆናል።

እናቷ እትዬ እጅጋየሁ ከሠላሳ ዓመት በፊት ከጎንደር መጥተው የዴምን ሰው አግብተው የቀሩ፣ በዚያው ሰፈር ቁርስ የሚሸጡ ሴት ናቸው። አባቷ አብደልሙንዒም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሲሆን ጦርነቱ ፖርት ሱዳን ጥሎታል። ሚያር ደግሞ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለች ዩኒቨርሲቲዋ ተዘጋ። የሰፈሩን ጉድጓድ በፀሐይ እናሠራው ብላ የሐጅ ነጂብን የሰፈር ኮሚቴ ለሁለት ወር የለመነችው፣ ገበያ ወርዳ ፓነሎቹን አንድ በአንድ የመረጠችው እርሷ ናት። የሰፈሩ ሰው «ባሽሙሀንዲሳ» ይላታል፣ ኢንጂነሯ ማለት ነው። ገሚሱ በክብር፣ ገሚሱ በፌዝ።

ፓምፑ ከዚያ በፊት የሚሠራው በጃዝ ነበር፣ በናፍጣ። አንድ በርሜል ለአራት ቀን ነው። ጃዝ የጠፋ ለታ ውሃ በአህያ ጋሪ ይመጣል፤ እናቶችም ያን ቀን ወይ ዳቦ ወይ ውሃ ይመርጣሉ። የመንግሥቱ መብራት ሲመጣ ለሁለት ሰዓት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያለውን ዕቃ ሲሰካበት ተመልሶ ይጠፋል።

«ያንን ትራንስፎርመር አየኸው?» አለችው አንድ ቀን፣ የእናቷ ደጅ ፉል እየበሉ። «ሁሉም በአንዴ ይጭንበታል፣ ይቃጠላል። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የኛ ጉድጓድ ነው። እኛ ቀን ቀን ከፀሐይ ከወሰድን፣ ያቺ ሁለት ሰዓት ለጤና ጣቢያው ፍሪጅ ትተርፋለች። ክትባቱ አይበላሽም፤ የሚቃጠለው ጃዝ ይቀራል። ኸላስ፣ በቃ፤ ፀሐይ ደግሞ ነዳጅ ጨምሩልኝ አትልም።»

«ነፋሱስ? እዚህ ነፋስ ሞልቷል።»

«ነፋስ በሰሜን በኩል ነው፣ ወደ ዶንጎላ። እዚያ ማሽን ቢተከል ፀሐይ ስትገባም ይሠራል። የካርቱም ነፋስ ላንተ ሥራ ከመፍጠር ሌላ ጥቅም የለውም።»

እትዬ እጅጋየሁ ከውስጥ ሆነው ይሰሙ ነበር። ጀምበሬ ከሄደ በኋላ «ልጄ፣ እሱ መንገደኛ ነው» አሏት። ሚያር «ስለ ነፋስ ነው ያወራነው» ብላ ሳህኖቹን ሰበሰበች።

መጀመሪያ ሰሞን የውሃ ታንከሩ ከእኩለ ቀን አዛን በፊት ይሞላ ነበር። ሴቶቹ ምሳ ሳይሠሩ ቀድተው ይገባሉ። በሁለተኛው ወር ከአዛኑ በኋላ መሙላት ጀመረ። በሦስተኛው ወር የዐስር ሶላት፣ የከሰዓቱ ጸሎት፣ ደርሶም ገና ሦስት አራተኛ ነበር፤ የጀሪካኑ ሰልፍም መንገዱ ድረስ ወጣ።

ሚያር ያልፈተሸችው አልነበረም። ሽቦውን ፈተሸች፣ ፓምፑን አወጣች፣ የጉድጓዱን ጥልቀት በገመድ ለካች። ጀምበሬ ደግሞ አቧራው ነው ብሎ ይበልጥ ማጠብ ጀመረ። ቀድሞ በሳምንት ሦስቴ የነበረውን በየቀኑ አደረገው። በየቀኑ ካልሲውን ያጥባል፣ በየቀኑ ይወጣል።

አንድ ረፋድ ሚያር ከመሰላሉ ጫፍ ጠራችው።

«እነዚህን መስመሮች ታያለህ? ቀንድ አውጣ የሄደባቸው ይመስላሉ።»

አየ። በመካከለኞቹ ረድፎች ባሉ ስድስት ፓነሎች ላይ፣ ከመስታወቱ ሥር፣ ቀጫጭን ቡናማ መስመሮች ይጠማዘዛሉ።

«ከውስጥ ተሰንጥቀዋል» አለች ሚያር። «መስታወቱ ደህና ነው፤ ውስጡ ነው የሚሰበረው። ሰው ሲረግጣቸው፣ ወይም ከመኪና ሲጣሉ እንዲህ ይሆናሉ። አንዱ ሲሰበር ደግሞ አብረውት በአንድ መስመር የታሰሩትን ሁሉ ይጎትታቸዋል።»

«ሰው… ባዶ እግሩንም ቢሆን?»

«የሰው ክብደቱ ጫማው ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። «ደግሞ ማን ይረግጣቸዋል፣ አንተ እዚህ እያለህ?»

ጀምበሬ አፉን ከፈተ።  ሚያር ግን ግንባሯን መሰላሉ ላይ ደግፋ፣ ለራሷ እንደምታወራ በዝግታ ቀጠለች፦

«ዓይኔ እያየ አታለሉኝ። አሮጌ ዕቃ ነው የሸጡልኝ። ዛሬ እነዚህ፣ ነገ የቀሩት ይሞታሉ። ለሐጅ ነጂብ፣ ሃያ ዓመት ይሠራል ብዬ በአባቴ ስም ምዬላቸዋለሁ።»

ያኔ መናገር ነበረበት። እርሱ ግን ብሩሹን ጨብጦ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው እየተመኘ፣ እርሷ ስትወርድ መሰላሉን ያዘላት።

የኮሚቴው ስብሰባ በማግስቱ በኒም ዛፉ ጥላ ሥር ሆነ። ሐጅ ነጂብ ሊቀመንበሩ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። የድሮውን የጃዝ ሞተር ሸራ አልብሰው በግቢያቸው ያስቀመጡት፣ ድምፁን ስለሚያውቁት ነው። ሚያር ሰው መሀል ቆመች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች በዐረብኛ። «ዕቃውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። መጥፎ ዕቃ ነው። የቀሩትም ለስንት ጊዜ እንደሚሠሩ ልነግራችሁ አልችልም።»

አንድ ሰው ሴት ልጅን ማማ ላይ ማውጣት ድሮም ትክክል አልነበረም አለ። አንዲት ሴት ልጇን ሙሀንዲሳ ልታደርጋት እንደነበር፣ አሁን ግን ሐሳቧን እንደቀየረች ተናገረች። ሐጅ ነጂብ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸው።

«መዓሌሽ፣ ግድ የለም ልጄ» አሏት። «ሞክረሻል። ነገ የጃዙን ሞተር እንመልሳለን።»

ከስድቡ ይልቅ ያ ልስላሴ እንደጎዳት ጀምበሬ ከኋላ ሆኖ አየ። አንገቷን ደፋች፤ እርሷ አንገቷን ስትደፋ ያየው የመጀመሪያ ቀን ያ ነበር። ብሩሹ በእጁ ነበር። ዐረብኛው ጥፋቴ ነው ለማለት ባይበቃም እጅ ለማንሣት ቋንቋ አያስፈልግም። እጁን አላነሣም።

ክፍላቸው ሲደርስ ሰማኸኝ ልብሱን ጆንያ ውስጥ እየከተተ ነበር።

«ደላላው ደወለ። ነገ ጠዋት ከወንዙ ማዶ፣ ከባሕሪ ሰፈር መኪና አለ። ምን ነካህ አንተ? የሞተ ሰው ትመስላለህ።»

«ምንም።»

«ባሽሙሀንዲሳ አባረረችህ እንዴ?»

«አላባረረችኝም።»

«እንግዲያው ሳታባርርህ እንሂድ።»

ጀምበሬም ጆንያውን አሰረ። እዚህ ፊቷን እያየ ከመኖር ሊቢያ ይሻላል አለ በልቡ። ከሄደ ማንም አያውቅም። እንዲህ ማሰቡ ደግሞ ሌላ እፍረት ሆነበት።

በማለዳው ድልድዩን ተሻግረው ባሕሪ፣ አንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ገቡ። የጭነት መኪናው ወደ ሰሜን እርሻዎች የሚሄድ ዕቃ ጭኗል፤ ተጓዦቹ ከላይ ይቀመጣሉ። ጀምበሬ ሸራውን ገለጥ አድርጎ ሲያይ ፓነሎች ናቸው፤ አዳዲስ፣ እንደ መጽሐፍ የተደራረቡ።

ከተጓዦቹ አንዱ፣ ጨዋነቱ ፊቱ ላይ የሚነበብ የወሎ ሰው፣ ጎማው ላይ ቆሞ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

«አትውጣበት» አለ ጀምበሬ።

«ጫማዬን እያወለቅሁ ነው እኮ፣ ወንድሜ።»

«ቢሆንም አትውጣበት። ከውስጥ ይሰበራል። አይታይህም እንጂ ይሰበራል።»

«አንተ ደግሞ ምን አገባህ?» አለ ሰማኸኝ። «ያንተ ንብረት ነው?»

ጀምበሬ ግን እርሱን አልሰማውም። የሚሰማው የራሱን ድምፅ ነበር። ለማያውቀው ነጋዴ ዕቃ ይህን ያህል ቀሎ የወጣው ቃል፣ ለእርሷ ሲሆን ሁለት ቀን ሙሉ ጉሮሮው ላይ ቆሞ ቀርቷል። ጆንያውን ከመኪናው አወረደ።

«ሰማኸኝ፣ እኔ እቀራለሁ።»

«ለሴት ብለህ?»

«ለሴት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የሰው ነገር አጥፍቼ ነው የመጣሁት።»

ሰማኸኝ ከኪሱ የተረፈውን ዳቦ ለሁለት ገምሶ ትልቁን ሰጠው። ተቃቅፈው ተለያዩ።

ድልድዩን በእግሩ ተመልሶ ዴም ሲደርስ የእኩለ ቀን ሶላት ተሰግዶ ነበር። የጃዝ ሞተሩ በጋሪ መጥቶ ጉድጓዱ ጥግ ቆሟል። ጀሪካን የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል። ሐጅ ነጂብ ኒሙ ሥር ተቀምጠዋል። ሚያር የኤሌክትሪክ መፈተሻ ቴስተሯን በጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ እያስገባች ነበር።

«የት ጠፋህ?» አለችው፤ ድምፅዋ ደክሟል።

«ሚያር፣ አንድ ነገር ልናገር ነው። ዐረብኛዬ አይበቃም። አንቺ ተርጉሚልኝ።»

«ለማን?»

«ለሁሉም።»

አጠገቧ ቆመ። 

«ፓነሎቹን የሰበርኳቸው እኔ ነኝ በይልኝ።»

ዞራ አየችው። «ምን?»

«በይልኝ።»

ሚያር ወደ ሰዎቹ ዞረች። ቃሉን እንዳለ ወደ ዐረብኛ መለሰችው፤ ስለዚህ ሰዎቹ «የሰበርኳቸው እኔ ነኝ» የሚለውን የሰሙት ከእርሷ አፍ ነው። ጉርምርምታ ተነሣ። ሚያር በጣቷ ወደ ጀምበሬ አሳየች፦ የሚናገረው እርሱ ነው።

«ዕቃው ጥሩ ነው። አልተታለለችም። አትውጣ ብላኝም ነበር።»

ተረጎመች። «አልተታለለችም» የሚለው ላይ ድምፅዋ ቀጠነ።

«ካልሲ አድርጌ፣ ንጹሕ ሆኜ ነው የወጣሁት። የማይጎዳ መስሎኝ። ለወራት።»

አንድ ሰው ሳቀ። ሐጅ ነጂብ አልሳቁም።

«ትናንት እዚህ ቆማ ስትናገር ከኋላ ነበርኩ። አውቄ ዝም አልኩ።»

ሚያር እዚህ ላይ ቆመች። ጋሪውን የሚጎትተው አህያ ጭራውን ሲያወናጭፍ ይሰማ ነበር። ጀምበሬ አትተረጉመውም ብሎ አሰበ። እርሷ ግን ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ አንዲት ቃል ሳትቀንስ፣ በዝግታ ተረጎመችው።

«ጠዋት መጥታ መካከለኛውን ረድፍ ስታይ ፊቷ ይበራል። የወጣሁት እሱን ለማየት ብዬ ነው።»

ይህን አልተረጎመችም።

«ምን አለ?» አሉ ሐጅ ነጂብ።

«ኸላስ» አለች ሚያር። «ጨርሷል።»

ሽማግሌው ጢማቸውን እየዳበሱ ሁለቱንም ተመለከቱ። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን ጥያቄ ጠየቁ፦

«የተሰበሩት ስንት ናቸው?»

«ስድስት» አለች ሚያር።

«ዕቃው መጥፎ ካልሆነ፣ የቀሩት አሥራ አራቱ ደህና ናቸው ማለት ነው?»

ሚያር ቀና አለች። ሁሉም አሮጌ ነው ብላ ስታምን አሥራ አራቱን መቁጠሩን እንኳ ትታው ነበር። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ታየ፤ እያሰላች ነው።

«ደህና ናቸው፣ ሐጅ። ስድስቱን አውጥተን አሥራ አራቱን ለብቻ ብናስራቸው አይጎተቱም። ታንከሩ ከዐስር በፊት ይሞላል። ስድስቱ ደካማ ቢሆኑም ለጤና ጣቢያው ፍሪጅ አያንሱም።»

«እንግዲያው ሞተሩን ወደ ግቢዬ መልሱት» አሉ ሐጅ ነጂብ። ወደ ጀምበሬም በጣታቸው እያመለከቱ «አንተ ነገ ትመጣለህ። የሰበረ ሰው ሲጠግን ማየት እፈልጋለሁ» አሉ።

ሰው ሲበተን ሚያር ቦርሳዋን አነሣች።

«በየጠዋቱ አመሰገንኩህ» አለችው።

«አዎ።»

«ትናንት እዚያ ስቆም ብሩሹን ይዘህ ታየኝ ነበር።»

«አዎ።»

«አዎ አዎ አትበለኝ።»

«ሌላ የምለው የለኝም፣ ሚያር። አፍሬያለሁ።»

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ሄደች።

ሦስት ቀን አብረው ሠሩ። ከሥራ ቃል ውጭ አልተነጋገሩም፦ ፍታ፣ ያዝ፣ አቀብለኝ፣ ቀስ። ጀምበሬ ስድስቱን ፓነሎች አንድ በአንድ እያወረደ ኒሙ ሥር ደረደራቸው። ቁርስ ሰዓት ላይ እትዬ እጅጋየሁ ሳህን ይዘው መጡ። ሚያር ወደ ማማው ወጥታ ነበር።

«ብላ» አሉት።

«አልራበኝም፣ እትዬ።»

«አፍረህ ነው የማትበላው። ስትጠግብም ማፈር ይቻላል፣ ብላ።» ከአጠገቡ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ልጄን መንገደኛ ነው ብያት ነበር። መኪናው መቼ ነው?»

«ሄዷል። የዚያኑ ቀን።»

እትዬ እጅጋየሁ ሲነሡ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ማማው ላይ እስኪሰማ፣ «መኪናው ሄዷል ነው የምትለኝ? ጥሩ» አሉ። እላይ የነበረው የብረት ድምፅ ለአፍታ ቆመና እንደገና ቀጠለ።

በሦስተኛው ቀን አሥራ አራቱ ፓነሎች ታስረው ፓምፑ ተነሣ። ቱቦው ሁለቴ አስነጥሶ ውሃውን ለቀቀ። ሚያር የመለኪያውን ቁጥር አይታ በእሺታ ራሷን ነቀነቀችና ኒሙ ሥር መጣች። ጀምበሬ ስድስቱን ፓነሎች በጀርባቸው ገልብጦ፣ በጥቁር ማርከር እየጻፈባቸው ነበር።

«ምንድን ነው?»

«ደህናዎቹ ጋ እንዳይቀላቀሉ ምልክት አድርግባቸው አላልሽም?»

«ብያለሁ። የጻፍከው ምን ይላል? እኔ አማርኛ ማንበብ አልችልም።»

ጀምበሬ አንገቱን ደፋ።

«ስሜ ነው። የሰበረው ሰው ይታወቅ ብዬ።»

ሚያር አጠገቡ ተንበረከከች። ጽሕፈቱን በጣቷ እየተከተለች ቆየች። ፊቷ አሁንም አልበራም፤ ግን አልጠቆረም።

«የመረጥኳቸው እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «እንዴት እንደሚታጠቡ ሳላይ በየጠዋቱ ያመሰገንኩም እኔ ነኝ። የኔንም ጻፈው።»

«በዐረብኛ አልችልም።»

«በዐረብኛ መች አልኩህ?»

ከስሙ ጎን ጻፈ፦ ሚያር። እርሷ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ሦስት ፊደል ብቻ ነው?»

«ሦስት ብቻ።»

«እናቴ እኮ አንድ ቀን እንኳ ጽፋ አላሳየችኝም።»

አምስቱ ላይ እርሱ ጻፈላት፤ በየአንዱ ላይ እጁን በዓይኗ ስትከተል ቀስ ይል ነበር። ስድስተኛው ላይ ማርከሩን ከእጁ ወሰደችው። የመጀመሪያው ፊደል ተጣመመ፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው ጋር ተጣበቀ።  ሚያር ጨርሳ ማርከሩን መለሰችለት፤ ጣቶቻቸው ሲነካኩ ማንም ቶሎ አልሸሸም።

ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቁ። ከዚያ ጀምበሬ ማርከሩን ከድኖ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከቴስተሩ አጠገብ፣ አስቀመጠው።